በ«ሲት ዳውን» የተቀመጡ ሽማግሌዎች

በዕድሜዬ ሳልሸመግል በሪህ ሸመገልሁ። ሪሁ የእኔ አይደለም፤ የአጎቴ ነው። አጎቴ ለአክስቴ ልጅ ለደሳለኝ ሽማግሌ ሆኖ ሊሄድ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የእግሩ አውራ ጣት አብጦ ጫማ አልገባም አለው። ሽማግሌ በአንድ እግር ጫማ አይሄድም፤ የተቆረጠ ቀንም አይለወጥም። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ምትክ ሲፈልግ ሁሉም በየተራ ወደ እኔ ዞረ። «ይኸ አለ አይደል እንዴ፤ ጆሮው አካባቢ ሸብቷል» አለች አንዷ። በዚያች ጥቂት ሽበት ተመረጥሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ሚስማርና ሲሚንቶ የምሸጥ ሰው ነኝ። በሕይወቴ ሁለት ነገር አገናኝቼ የማውቀው በሚስማር ብቻ ነው።

ደሳለኝ ደምበጫ ጤና ጣቢያ ነርስ ነው። የሚወዳት ልጅ ምሕረት ትባላለች፤ እዚሁ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሁለቱ ከተግባቡ ቆይተዋል፤ የቀረው የአባቷ እሺታ ነበር። የመጀመሪያው ሽምግልና «እናስብበት» ተብሎ ተመለሰ። ይህ ያለ ነው፤ ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም። ሁለተኛውም «እናስብበት» ተብሎ ተመለሰ፤ ይህም ያለ ነው ብለን ተጽናናን። ከዚያ በኋላ ግን አባትየው «ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ ያን ቀን እምቢ ካልሁ ደጄን እንዳትረግጡ» ብለው ላኩ። ምሕረትም ለደሳለኝ ቁርጡን ነገረችው፤ «አባቴን አስቀይሜ አልሄድም። እሱ እምቢ ካለ እዚያው ላይ ያበቃል» አለችው። ደሳለኝ ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌ ሲወጋ እጁ ይንቀጠቀጣል አሉ። የደምበጫን ሕዝብ እግዚአብሔር ይጠብቀው።

እንግዲህ የሰው ትዳር ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አባትየው ደግሞ ቲቸር አያሌው ናቸው።

ማርቆስ ውስጥ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ቲቸር አያሌው ሲባል ሳያውቀው ጀርባውን ያቀናል። እንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበሩ። ቅጽል ስማቸው «ዲፈረንስ» ነው፤ ልዩነት ማለት ነው። ሌላው አስተማሪ ቃል ያስተምራል፤ እሳቸው የሚያስተምሩት በቃልና በቃል መካከል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ነበር። «ሲ»፣ «ሉክ»፣ «ዎች» ለእኔ ሦስቱም ማየት ናቸው። ለእሳቸው ግን ዓይንህ ላይ የመጣውን ማየት ሌላ፣ ዓይንህን ልከህ ማየት ሌላ፣ የሚንቀሳቀስን ነገር አተኩረህ መከታተል ሌላ። እንግሊዞች ለማየት ሦስት ቃል የፈለጉበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አልደረስሁበትም። አገራቸው ጭጋግ ይበዛዋል ይባላል፤ እንደዚያ ከሆነ በአንዱ ያላዩትን በሌላው ሊያዩት ይሆናል።

«ዘ ዲፈረንስ?» ይሉና ጣታቸውን ይቀስራሉ። በሌላ አስተማሪ ክፍል ተማሪ ተነሥቶ ይመልሳል። በእሳቸው ክፍል መልስ የሚሰጠው ተቀምጦ ነው፤ የሚቆመው የማያውቅ ነው። ያወቀውን «ቬሪ ጉድ፤ ሲት ዳውን» ብለው ያጸኑታል፤ ያላወቀውን «ስታንድ አፕ!» ብለው ግድግዳው ጋ ይሰዱታል። እኔ የዘጠነኛ ክፍልን እንግሊዝኛ ከሞላ ጎደል ቆሜ ጨረስሁ። አልከፋኝም፤ ማርቆስ ብርዳም ናት፣ ግድግዳው ጋ ደግሞ ፀሐይ ይገባ ነበር።

ለእያንዳንዱ ልዩነት ምሳሌ ነበራቸው። ምሳሌውን ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይጮኸዋል። ልዩነቱ ከራሳችን ቢጠፋ እንኳ ምሳሌው ከአፋችን አይጠፋም። «አሎን» ብቻን መሆን ነው፤ «ሎንሊ» የብቸኝነት ማንገብገቡ ነው። ምሳሌው ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ነገር ግን ብቸኝነት አይሰማቸውም» የሚል ነው። እንግሊዝኛውን ዛሬ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እወጣዋለሁ። ትርጉሙን አስቤበት አላውቅም፤ ውዳሴ ማርያም በግዕዝ እንደሚደግም ሰው ነበርሁ።

ቤተ ዘመዱ እኔን የመረጠው ለሽበቴ ብቻ አልነበረም። «የገዛ ተማሪያቸውን ፊት አይነሱም» ብሎ ተማከረና በላይነህንም ጨመረ። በላይነህ አብሮኝ የተማረ ሲሆን ዛሬ ዓቃቤ ሕግ ነው። ችሎት ላይ ሲነሣ ሌባው ብቻ ሳይሆን የተሰረቀውም ይፈራል። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ዲማ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ የደሳለኝ የአባቱ ወገን። በሁለቱም ዙር ሄደው የተመለሱ እሳቸው ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተነሣን። እኔ የአማቴን ጋቢና የአማቴን ከዘራ ይዣለሁ። ደሳለኝ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ «እሺ ሲሉ ደውልልኝ» ብሎ ስልኬን ራሱ ድምፅ አጥፍቶ ኪሴ ከተተው።

«ስሙኝ ልጆቼ» አሉ መሪጌታ እየሄድን። «ተቀመጡ ቢሉን አንቀመጥም። ቅመሱ ቢሉን አንቀምስም። እሺ ሳይባል የተቀመጠ ሽማግሌ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ በልቶ ይሸኛል እንጂ ልጅ ይዞ አይሄድም። ጉልበታችሁ ቢነድ እንኳ ቁሙ።»

«መቆሙን ለእኛ ይተዉት መሪጌታ» አልሁ። «ቲቸር አያሌው ዘንድ መቆም የለመድነው ነው።»

ምላሴን በቆረጠው!

በሩን ራሳቸው ከፈቱልን። ኮት ለብሰዋል፤ መነጽራቸው እንደ ድሮው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ ግማሽ ግድግዳ የያዘ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሊሸልማቸው ሲል «እሱን ለሌላ ስጡ፤ ለእኔ ሰሌዳዬን ስጡኝ» አሉ ይባል ነበር። ወሬ መስሎኝ ነበር። ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ሥሩ ጠመኔ ተቀምጧል።

ተደርድረን ቆምን።

«ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን መቀመጫ ሳያገኝ እኛ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ፣ ከግዕዙም ጨለፍ አድርገው ባርከው።

«ጉዳዩን አውቀዋለሁ። ተቀምጠን እንነጋገር።»

«ቆመን እንለምናለን ጌታዬ።»

ቲቸር መሪጌታን ተዉና ዓይናቸውን ወደ እኛ ወረወሩ። መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። 

«አንተ የግድግዳው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ ቲቸር።»

«አንተስ፣ በላይነህ? አሁንም በመስኮት ነው የምታየው?»

«ኧረ አላይም ቲቸር» አለ ዓቃቤ ሕጉ በልጅ ድምፅ።

ደረታቸውን ሞሉና «ሲት ዳውን!» አሉ።

ተቀመጥን።

እኔ አልተቀመጥሁም፤ ጉልበቴ ነው የተቀመጠው። የሶፋው ሞላ ሲጮህ ነው እታች መሆኔን ያወቅሁት። ወደ ጎን ባይ በላይነህም እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል። እንግሊዝኛ የማያውቁት መሪጌታ ብቻቸውን መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል። እኛን ያዩበት አስተያየት በዲማ ቅኔ ያበላሸ ተማሪ የሚታይበት ሳይሆን አይቀርም። ኪሴ ውስጥ ስልኩ ተንዘረዘረ፤ ደሳለኝ ነው።

ቲቸር ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ሁለቱ እንግዶቼ ሆነዋል። ምሕረት! የሚቀመስ ነገር አዘጋጂ!»

ከጓዳ መልስ ጠፋ።

«ምሕረት!»

«እሺ አባዬ።»

ያችን «እሺ» የሰማ ድንጋይም ቢሆን ያነባ ነበር። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣምና ሳህኑን ከበሩ ሥር አኖረችው፤ ቲቸር ራሳቸው አንሥተው ፊታችን ላይ አስቀመጡት። ትኩስ ዳቦ ነው፤ ጥቁር አዝሙዱ ይሸታል። እኔ ቅዳሴ ነበርሁ፤ እህል አልቀመስሁም። ቆርሰው እጄ ላይ አኖሩልኝና «ብላ» አሉኝ።

ብበላ የደሳለኝ ነገር አበቃ። አልበላም ብል የአስተማሪዬን እጅ መግፋት ነው። ብድግ እንዳልል፣ እኚህ ሰው ፊት ሳይታዘዝ ተነሥቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ዳቦውን ይዤ አየሁት፤ በሦስቱም ቃል አየሁት፤ «ሲ»ም፣ «ሉክ»ም፣ «ዎች»ም አደረግሁት።  መሪጌታ በጉሮሯቸው «እህህ» አሉ፤ ትርጉሙ «ብትውጣት እገዝትሃለሁ» ነው።

በዚህ መካከል በላይነህ ጣቱን አወጣ።

«ሜይ አይ ጎ አውት?»

ከትምህርት ቤት የወጣ ሰው ሌላው እንግሊዝኛ ሁሉ ቢጠፋው ይህቺ አትጠፋውም። ቲቸር ግን ዓይናቸው በራ። «ለምን ካን አላልህም? ዘ ዲፈረንስ?»

በላይነህ ወጥመዱ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። «ካን አቅም ነው፤ ሜይ ፈቃድ ነው። መውጣት እችላለሁ፤ እርስዎ ካልፈቀዱልኝ ግን አልወጣም።»

«ቬሪ ጉድ! ሲት ዳውን!»

ተቀምጦ የነበረው በላይነህ የባሰ ተቀመጠ። ፊቱ በኩራት ወዛ፤ ሰውየው ለምን እንደመጣ ጨርሶ ረስቷል።

ጭንቅላቴ በዕድሜው አንዴ የሠራው እዚህ ላይ ነው። እዚህ ቤት ያወቀ ይቀመጣል። ያላወቀ ይቆማል። እኛ የምንፈልገው መቆም ነው። እንግዲያ የሚያስፈልገው አለማወቅ ነው፤ አለማወቅ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው! ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለስሁና ጣቴን አወጣሁ። «እኔንም ይጠይቁኝ ቲቸር።»

ደነገጡ። እኔ ጣቴን አውጥቼ አላውቅም። ጥቂት አሰቡና «ሂር እና ሊስን» አሉኝ። «ዘ ዲፈረንስ?»

ወይ መዓቴ! ያችን አውቃታለሁ! ከዚያ ሁሉ ልዩነት ውስጥ የማውቃት አንዲት እሷ ናት። ሚስቴ በየቀኑ «ትሰማኛለህ እንጂ አታዳምጠኝም» እያለች ስታስጠናኝ ኖራለች። መልሱ አፌ ላይ መጥቶ ተሰለፈ። እኚህ ሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ ትክክል ለመሆን ስመኝ ኖሬ፣ «ቬሪ ጉድ» ከአፋቸው ልትወጣልኝ አንድ ትንፋሽ ሲቀራት፣ መልሱን መልሼ ዋጥሁት። ከዳቦው ይልቅ እሱን መዋጥ ከበደኝ።

«ልዩነት የላቸውም ቲቸር።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ስታንድ አፕ!»

ብድግ አልሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተነሥቼ አላውቅም። በላይነህ ለጊዜው አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ሕግ የተማረ ነውና ወዲያው ገባው። «ቲቸር፣ የቅድሙን ተሳስቻለሁ። ሜይና ካን አንድ ናቸው።»

«ስታንድ አፕ!»

ሦስታችንም ቆምን። መሪጌታ ነገሩ ባይገባቸውም «ተመስገን» አሉ።

ቲቸር ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ቀረብ ብለው ፊቴን መረመሩት። «የማያውቅ ልጅ ፊት አውቃለሁ» አሉ። «ዕድሜዬን ያየሁት እሱን ነው። ይህ የማያውቅ ሰው ፊት አይደለም። አውቀህ ነው የሳትኸው።»

«ለደሳለኝ ብዬ ነው ቲቸር።»

«እንግዲያስ አንድ እጠይቅሃለሁ። ከመለስኸው እንነጋገራለን። ካልመለስኸው በሩ ያውልህ፤ ሁለተኛ እንዳትመጡ።»

ጠመኔውን አነሡ። በዚያው በሚያምረው እጅ ጽሑፋቸው ሰሌዳው ላይ «አሎን» ጻፉ፤ ከጎኑ «ሎንሊ» ጻፉ።

«ዘ ዲፈረንስ?»

ስልኬ ተንዘረዘረ። እኔ አላሰብሁም፤ በላይነህም አላሰበም። ሁለታችንም ደረታችንን ነፍተን፣ ራሳችንን እያወዛወዝን፣ የሽማግሌውን ምሳሌ በእንግሊዝኛ በአንድ ድምፅ ጮኽነው። ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። ስንጨርስ ጓዳ የነበረው የዕቃ ኮሽታ ቆመ።

«በአማርኛ» አሉኝ ቲቸር።

«አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ነገር ግን...»

ቀና ስል ዓይኔ ውስጥ የገቡት እሳቸው ናቸው። አንገታቸው ቀጥኗል፤ የኮታቸው ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። ከኋላቸው ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ላይ የባለቤታቸው ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የቀሩት ሁለት ቃላት አልወጣ አሉኝ።

«ጨርስ እንጂ።»

«አልጨርሰውም ቲቸር።»

«አታውቀውም?»

«ስጮኸው ስኖር አላውቀውም ነበር። አሁን አወቅሁት።»

ቲቸር ቀስ ብለው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር አይቻቸው አላውቅም፤ ሌላ ሰው መሰሉኝ።

«ያን ምሳሌ የጻፍሁት ሮብ ገበያ በምትባል የገጠር ከተማ፣ የመጀመሪያ ምድቤ ላይ ነው» አሉ። «ጎረምሳ ነበርሁ። ኪራይ ቤት፣ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። አሎን ነበርሁ፤ ደስም ይለኝ ነበር። ሽማግሌ ምን እንደሚሰማው ማን ነገረኝና ነው ለዚያ ሁሉ ልጅ ያስተማርሁት?» ጠመኔውን በጣታቸው አሹት። «ልጁ ደግ መሆኑን አጥቼው አይደለም። እናስብበት ያልሁት ላስብበት አይደለም። ፈርቼ ነው። እሷ ከወጣች እኔና ይህ ሰሌዳ ነን።»

ከጓዳ ልቅሶ ተሰማ። «አባዬ፣ ይቅር! አልሄድም! ንገራቸው፣ ይቅርባቸው!»

 እምቢታን ለመከላከል ነበር የመጣነው፤ ይህኛው ከየት መጣ? አባት እሺ ሊል አፋፍ ላይ ደርሶ ልጅ እምቢ ስትል ምን ይባላል? ለዚህ የአማቴ ከዘራ አይጠቅምም። 

«እንግሊዝኛው ምን ይላል?» አሉኝ መሪጌታ በሹክሹክታ።

ነገርኋቸው። መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ።

«ጌታዬ፣ ይህ ጡረታ የሚሉት ነገር ለእኔ አይገባኝም። እኛ ዘንድ የቅኔ መምህር ጡረታ የለውም። ዓይኑ ቢፈዝ፣ እግሩ ቢያቅተው፣ አልጋው ላይ ሆኖ ያስተምራል። ልጁ አግብታ ብትሄድ ጉባኤው አለ፤ ደቀ መዝሙሩ ውሃውን ይቀዳል፣ እሳቱን ያነዳል፣ ሲሳሳትም ያናድደዋል። የተናደደ ሰው ደግሞ አይተክዝም። እርስዎ ግን ተማሪዎችዎን ጨረሱ ብለው ለቀቋቸው። ማን ጨረሰ? ይኸ ጨርሷል?» መቋሚያው እኔ ላይ አነጣጠረ።

«እሱ? ኧረ አልጨረሰም» አሉ ቲቸር ያለ አንዳች ጥርጥር።

«ያኛውስ?»

«እሱም አልጨረሰም። አሁን እንኳ ሜይና ካን አንድ ናቸው ብሏል።»

«ታዲያ! ልጅቱን ይስጡን፤ እነዚህን ይውሰዱ።»

ሽማግሌ ሆኜ መጥቼ ጥሎሽ ሆንሁ!

ቲቸር ቀና አሉ። «መቼ መቼ ይመጣሉ?»

«እኔ ችሎት...» ብሎ በላይነህ ሲጀምር መቋሚያው ጫማው ላይ አረፈ። «ቅዳሜ ቅዳሜ» አልሁ እኔ። ቅዳሜ ሚስማር የሚሸጥበት ቀን ነው። ምን ላድርግ፤ ጓዳ ያለችው ልጅ ትንፋሿን ይዛለች፣ ባጃጅ ውስጥ ያለው ልጅ ትንፋሹን ይዟል።

«ዝናብም ቢሆን?»

«ዝናብም ቢሆን ቲቸር።»

«ሂርና ሊስን። እውነቱን።»

«ሂር ድምፅ ራሱ ጆሮህ ውስጥ ሲገባ ነው። ሊስን አንተ ጆሮህን ስትሰጥ ነው።»

 ያችን «ቬሪ ጉድ» አላገኘኋትም። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ሦስታችንንም እያዩ፣ እንደ ቅድሙ ሳይጮኹ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣

«ሲት ዳውን» አሉ።

እኔና በላይነህ አልተነቃነቅንም። አንድ ጊዜ ተቃጥለናል። ቀድመው የተቀመጡት እንግሊዝኛ የማያውቁት መሪጌታ ናቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ገርመም አድርገው አዩን።

«ምን ትገተራላችሁ? ሰጥተውናል እኮ!»

ጓዳ ውስጥ አንድ ሳህን ወድቆ ተሰበረ፤ ወዲያው እያለቀሰች እልል አለች። ለራሷ ሽምግልና እልል ያለች ልጅ ያየሁት እሷን ብቻ ነው። ስልኬ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ሲንዘረዘር አነሣሁት፤ ግን መናገር አልቻልሁም፤ አፌ ዳቦ ሞልቶበት ነበር።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደገሰ። ምሕረት ደምበጫ ናት፤ በየጊዜው ትመጣለች። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ፤ ሚስቴ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፣ «ሊስን»ን ከተማርሁ ወዲህ ግን ራሷ ታስታውሰኛለች። በላይነህ የችሎት ፋይሉን ታቅፎ ይመጣል። ወሬው ከተማውን ሲዞር ሌሎች ያልጨረሱም ተጨመሩ፤ አንድ ኮንትራክተር አለ፣ አንዲት ነርስ አለች፤ የሶፋው ሞላ ሊያልቅለት ነው። ቲቸር ይቆጣሉ፣ ጠመኔ ይወረውራሉ፣ በንዴት ይቀላሉ። ወፍረዋልም።

ልዩነቶቹን አሁን አውቃቸዋለሁ። ሁሉንም ባይሆን ብዙዎቹን። ነገር ግን ያወቀ ተማሪ ይመረቃል፤ የተመረቀ ደግሞ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ «ዘ ዲፈረንስ?» ብለው ጣታቸውን ሲቀስሩብኝ «ልዩነት የላቸውም ቲቸር» እላለሁ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፊቴን ያያሉ። የማያውቅ ሰው ፊት እንዳልሆነ ያውቃሉ።

«ስታንድ አፕ!» ይሉኛል።

ግድግዳው ጋ ሄጄ እቆማለሁ።